የጎሚስታው ስህተት

ወርሳሜ የልጁን ሞተር የኋላ ጎማ ከግቢው ሲሚንቶ ላይ አስተኝቶ በሁለት ጉልበቱ ወጣበት። አዲሱ ጎማ በሳሙና ውሃ ለስልሶ ከቸርኬው ላይ ሊቀመጥ አንድ ስንዝር ብቻ ቀርቶታል። መፈንቀያ ብረቱን ሰካ፣ ቀና ብሎ ልጁን ባርኸድን አየ፣ ከዚያ ብረቱን ከሚገባው በላይ ወደ ውስጥ ገፋው። ከሆዱ ያለው ከመነዳሪ፣ ያ አየር የሚይዘው ስስ ላስቲክ፣ በብረቱና በቸርኬው መሃል ሲነከስ እጁ ላይ ተሰማው።

ባርኸድ ፓምፑን አንስቶ ነፋ፣ ነፋ። ጎማው ትንሽ ቀና አለና ፍሽሽ ብሎ ተኛ።

«አባ! ደግሞ ነከስከው?»

ደግሞ ነከሰው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ጎማ ሲገጥም ኖሮ፣ መጋላ ገበያ ውስጥ «የወርሳሜ እጅ ከመነዳሪ አይነክስም» የተባለለት ሰው ዛሬ በገዛ ልጁ ፊት ሁለት ጊዜ ነከሰ። ይሄ እኮ ጎሚስታ ቤት ገብቶ ሳምንት ያልሞላው እንኳ የሚያፍርበት ስህተት ነው። ወርሳሜም አፈረ። እፍረቱን ዋጥ አድርጎ «ብረቱ አዳለጠኝ» አለ።

ምን ያዳልጠዋል! ልጁ እንዳይሄድበት ነው። ከዐስር ሶላት በኋላ ባርኸድና ባልንጀሮቹ ዘጠኝ ሞተር ሆነው ወደ ድንበር ይወርዳሉ፤ ኮንትሮባንዱን ጭነው፣ መብራት አጥፍተው፣ በዚያ የጠጠር መንገድ በጨለማ ይመለሳሉ። ጎማው ካልደረሰ ባርኸድን ጥለውት ይሄዳሉ፣ እነሱ ማንንም አይጠብቁም። ባለፈው ሐሙስ የጎረቤታቸው ልጅ ሰማታር ከዚያው መንገድ በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። ሬሳውን ካጠቡት አንዱ ወርሳሜ ነበር። ከመዳፉ ጠጠር ሲለቅምለት አንዷ አልወጣ ብላው ከነጠጠሯ ከፈኑት።

ሳይነግረው ቀርቶ እንዳይመስላችሁ። ለምኖታል፣ ተቆጥቶታል፣ ሽማግሌ ሰብስቦበታል። «ታዲያ ማን ያብላን? አንተ በዚህ ወገብህ?» አለው ልጁ። እውነቱን ነው፤ ወገቡ አልታዘዝ ብሎት ቤት ከዋለ ሁለት ዓመቱ ነው። አፉ ያቃተውን ብረቱ ይችልለት እንደሆነ ብሎ ነው ዛሬ።

«አምጣው፣ እኔው ልግጠመው» አለ ባርኸድ።

«አንተማ ጭራሽ ትበጣጥሰዋለህ። ቁጭ በል፣ ልለጥፈው።»

ከመነዳሪውን ጎትቶ አወጣ። የተነከሰበትን ቦታ በአሸዋ ወረቀት አሸት አሸት አደረገው፣ ማስቲሽ ቀባው፣ እፍ እያለ ያደርቅ ጀመር። ለአንዲት ቀዳዳ ይህን ያህል እፍ ብሎ አያውቅም። የከሰዓቱ ጥላ ግድግዳውን አልፎ ሰዓቱ ሲሄድ እያየ ውስጥ ውስጡን አልሐምዱሊላህ ይላል።

በሩ ላይ ሞተር አጓራ። የባርኸድ ጓደኛ ዒልሚ ነው፤ ሞተሩን ሳያጠፋ አንገቱን ወደ ግቢው አስገባ።

«ወርያ ባርኸድ! ሰዉ ወጣ እኮ! ምን ትጠብቃለህ አቦ?»

«ጎማው እምቢ አለ።»

«ተወዋ! ና ከኋላዬ ውጣ፣ ጭነቱን አንድ ላይ እናመጣለን።»

ወርሳሜ እፍ ማለቱን ተወ። ሁሉን ሲያስብ ይህን አላሰበም። የዒልሚን የኋላ ጎማ ያውቀዋል፤ ጥርሱ አልቆ ክሩ ከወጣ ቆየ። ባለፈው ጁምዓ መስጊድ በር ላይ «ይሄ ጎማ ይገድልሃል» ብሎት ነበር፣ ዒልሚም እንደ አጎት አክብሮ «እቀይረዋለሁ አዴር፣ ኢንሻላህ» ብሎት ነበር። አሁን አጎንብሶ አየው። ያው ነው። በዚያ ላይ ሁለት ሰው፣ በዚያ ላይ ጭነት። ከድጡ ወደ ማጡ!

«ቆዩ!» አለ። «ሩብ ሰዓት ብቻ! ወላሂ ሩብ ሰዓት! ባርኸድ፣ በራስህ ሞተር ትሄዳለህ።»

«ከዙሁር ጀምሮ ሩብ ሰዓት እያልከኝ ነው፣ አባ።»

«ሆን ብዬ ነው!» ጮኸ ወርሳሜ። «ሆን ብዬ ነው የነከስኩት፣ እንዳትሄድብኝ ብዬ! እጄ ደህና ነው፣ ይኸው እየው!»

ሁለት እጁን ዘረጋለት። በድንጋጤ ይንቀጠቀጡ ነበር።

ባርኸድ እጆቹን አያቸው። ቁጣው ከፊቱ ላይ ሲጠፋና በምትኩ ሐዘኔታ ሲመጣበት ወርሳሜ በዓይኑ አየ፤ ምነው ቢሰድበኝ አለ በልቡ። ዒልሚ ሽማግሌውን ላለማሳፈር ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

«አይዞህ» አለ ባርኸድ፣ ጎንበስ ብሎ ግንባሩን እየሳመው። «ሰው ያረጃል አባ፣ ነውር የለውም። ነገ ጎሚስታ ጋ እወስደዋለሁ። አንተ አትልፋ።»

«ልጄ፣ የዒልሚ ጎማ... ስማኝ እንጂ...»

ሄዱ። ወርሳሜ ወገቡን ይዞ በሩ ድረስ ሮጠ፤ የደረሰው ለአቧራው ነው። ስልክ ደወለ፣ አይነሳም። ደገመ፣ አይነሳም።

ተመልሶ ተንበረከከ። ምናልባት አንዱ የሰፈር ሰው በዚህ ሞተር ይደርስባቸው ይሆናል። ላስቲኩን ለጠፈ፣ ከመነዳሪውን ከጎማው ሆድ አስተኛ፣ ብረቱን ሰካ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ፈነቀለ፤ ምንም አልነከሰም። ፓምፑን ነፋ፣ ጎማው ጧ ብሎ ቸርኬው ላይ ተቀመጠ። ከሞተሩ ላይ መልሶ ገጠመው፣ ዳዶውን አጠበቀ። ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም።

ከሰፈሩ ሰው አልመጣም። ወርሳሜ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጦ ጆሮውን ጎማው ላይ አስደግፎ አዳመጠ። አንዲት ትንፋሽ አያስወጣም።