የበረኛዋ ዋንጫ

የስፖርት መምህሩ «የጽናትና የመልካም ጠባይ ዋንጫ» ብለው የበረኛዋን ስም ሲጠሩ፣ ከአዳራሹ ኋላ አንዱ «ወንፊት!» ብሎ ጮኸ። በመጀመሪያ ግጥሚያዋ ሰባት ጎል ከገባባት ወዲህ ቅጽል ስሟ ይኸው ነበር። በዚያ ግጥሚያ ማግስት ግን ልምምድ ላይ ከሁሉም ቀድማ የተገኘችው እሷ ነበረች።

በፕላስተር በታሰሩ ጣቶቿ ዋንጫውን ደረቷ ላይ አስጠግታ ማይክሮፎኑን ተቀበለች።

«አዎ፣ ወንፊት ነኝ» አለች። «በዘንድሮው ፍጻሜስ ስንት አሳለፍኩ?»

«ምንም!» አሉ የቡድን ጓደኞቿ በአንድ ድምፅ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሰባት ጎል የገባባት ዕለት «ልጄ፣ ኳሱ ይቅርብሽ» ብለዋት የነበሩት ልብስ ሰፊው አባቷ ወንበር ላይ ወጡ። «ጋሼ፣ ከለሉን እኮ!» ቢባሉም አልሰሙም። «የኔ እልኸኛ! የኔ አንበሳ!» እያሉ መዳፋቸው እስኪቀላ አጨበጨቡ።