ቀዩ መብራት ያልበራባት ፔጆ

ሙሜ ነዳጁን ይረግጣል፣ ይለቃል፣ ደግሞ ይረግጣል። አሮጌዋ ፔጆ ጭሮ መናኸሪያ ጀርባ፣ በመኮንን ጋራዥ ደጃፍ ላይ ቆማ ታጓራለች። ተገፍታ ነው የተነሳችው። እግሩን ካነሳ ትጠፋለች፤ ከጠፋች እንደገና ገፊ መለመን ነው።

ሰባት ሰዓት አልፏል። ከዐስር ሶላት በኋላ፣ አሥር ሰዓት ግድም፣ ገለምሶ፣ በታላቅ ወንድሙ በዓሊዩ ቤት፣ የልጁ የሹክሪያ ኒካህ ይታሰራል። ያለ አባት ቃል አይታሰርም፤ አባትየው ደግሞ እዚህ ተቀምጦ ነዳጅ ይረግጣል። ሚኒባሶች አጠገቡ «ገለምሶ፣ ገለምሶ» እያሉ ሞልተው ይወጣሉ። ሙሜ ግን የሙሽራ አባት ከጫት ጆንያ ጋር ተጣብቆ አይሄድም ብሎ በሰው ፊት ምሏል።

ጭሮ ውስጥ ከምሳ በኋላ መካኒክ ያልሆነ ሰው የለም። ጉንጩን በጫት የወጠረ ሁሉ ኮፈኑ ስር አንገቱን ያስገባል። አንዱ ባትሪው ሞቷል ይላል፤ ሙሜ የዓመቱ ሦስተኛ ባትሪ መሆኑን ሲነግረው፣ እንግዲያው አራተኛ ግዛ ይለዋል። ሌላው ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቷል ይላል፤ ጎንበስ ብሎ ሲያየው ግን ቺንጋው እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል፤ እሱም ቢሆን አያሳፍረውም። ጫት ነጋዴው ሳቢት ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ሊነቅል እጁን ይሰዳል። ሞተሩ ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው ይላል፤ አባቱ እንዲህ ነበር የሚፈትሹት። መኮንን እጁን በጨርቅ ይመታዋል። የአባትህ ዲናሞ በምን ተቃጠለ መሰለህ ይለዋል።

መኮንን ስልሳ ያለፈው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ እንደ ሐኪም ሳይጠይቅ አይነካም። መቼ ጀመራት? ቆማ ስታድር ነው ወይስ እየሄደች? ከዚህ በፊት ማን ነክቷታል? ሙሜ እግሩን ሳያሳርፍ፣ ሰዓቱን እያየ፣ ማንም አልነካትም ይላል። መኮንን ቴስተሩን ባትሪው ላይ ያደርጋል። ሞተሩ እየሠራ አሥራ አራት ቮልት ግድም ማሳየት ነበረበት፤ አሥራ ሁለትም አይሞላም። ዲናሞው ይዞራል እንጂ የሚያመጣው ነገር የለም።

ስልክ ይጮኻል። ዓሊዩ ነው፤ ሰው ተሰብስቧል፣ ውክልናውን በስልክ ስጠኝና እኔ ልሰር ይላል።

«በስልክ አልወለድኳትም» ብሎ ሙሜ ይዘጋበታል።

«ሞተሩን አጥፋው» ይላል መኮንን።

«ጋሽ መኮንን፣ ዋላሂ ከጠፋ አይነሳም።»

«አጥፋና ቁልፉን ግማሽ ድረስ አዙር። ምን ምን በራ?»

«የዘይቱ በርቷል። ቀዩ የባትሪው ግን አልበራም፣ አልሀምዱሊላህ። ዓመቱን ሙሉ በርቶ አያውቅም።»

መኮንን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ይሰቅላል። ዳሽቦርዱን ይፈታል። የአምፖሉ ቦታ ባዶ ነው። ማን ነቀለው ብሎ ይጠይቃል።

ሙሜ መኪናውን የሸጠለትን ሰው ሊያማ ይዳዳዋል። ባለፈው ረመዳን በገዛ ካቻቢቴው የነቀለው እሱ ነው። ያኔ ቺንጋው ላልቶ ቀዩ መብራት ይበራ ነበር፤ የተሳፈረ ሁሉ ደግሞ «ይሄ ምንድነው?» ይለዋል። የጾመ ሰው ስንቱን ይችላል? ቺንጋውን በኋላ አስጠበቀው። አምፖሉ ግን በዚያው ቀረ፤ እውነቱን ለመናገር፣ ያለ እሱ መንዳት ደስ ብሎት ነበር።

«እኔ ነኝ» ይላል።

«አቦ፣ ወሬኛውን ነዋ ያባረርከው» ይላል ሳቢት፤ ጉንጭ ሁሉ በሳቅ ሊፈነዳ ይደርሳል።

መኮንን አይስቅም። በዚህች መኪና ዲናሞው የሚቀሰቀሰው በዚያች አምፖል በምታልፍ ጥቂት ኃይል ነው፤ አምፖሏ ከሌለች ሲዞር ይውላል እንጂ ባትሪ አይሞላም።

«ጤነኛ መብራት መጀመሪያ ይበራል፣ ከዚያ ይጠፋል። ጭራሽ ያልበራ መብራት ሰላም ነው አይባልም፣ ሙሜ።»

ከቆመ መኪና አምፖል ነቅሎ ይሰካል። ቁልፉ ሲዞር ቀዩ ይበራል። ተመልካቹ በአንድ ትከሻ ይገፋል፤ ፔጆዋ ትንቀጠቀጥና ትነሳለች፤ ቀዩ ይጠፋል። ቴስተሩ አሥራ አራት ያሳያል። መኮንን ባትሪው ገና ባዶ ስለሆነ ገለምሶ እስኪገባ ድረስ እንዳያጠፋት ያስጠነቅቀዋል። አሁን ከወጣ ይደርሳል።

ማርሽ ሊያስገባ ሲል ስልኩ እንደገና ይጮኻል። ዓሊዩ ተቆጥቷል። ሼኹ መጥተዋል፣ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል።

«የልጅቷ እንደሆነ አለቀ። አርብ ዕለት ራስህ ጠይቀሃታል፣ ዝም አለች። የልጃገረድ ዝምታ ፈቃዷ ነው። ምን ቀረ?»

እውነት ነው፣ ጠይቋታል። በሩ ላይ ቆሞ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ። አንገቷን እንደደፋች ቀረች፤ እሱም አልሀምዱሊላህ ብሎ ወጣ። ሁለቴ አልጠየቀም። ቀና ብላ ቢሆን ኖሮ ምን ሊያይ እንደሚችል እስከዛሬ አላሰበም።

«ስልኩን ለሹክሪያ ስጣት» ይላል።

«ሴቶቹ ጋ ናት እኮ።»

«ስጣት፣ ዓሊዩ።»

እልልታ ይሰማል፤ በር በኃይል ሲዘጋ። ከዚያ እልልታው ይርቃል።

«ሹክሪያ፣ አባትሽ ነኝ። አርብ ያልሽኝን...» ይላል፤ ያላለችውን ነው። «ዛሬ በአፍሽ ንገሪኝ። እሺም ከሆነ፣ እምቢም ከሆነ። እኔ ሳልመጣ ማንም አያስርም።»

በቀስታ አንድ ነገር ትላለች። የሞተሩ ጩኸት ይውጠዋል። ስልኩን ጆሮው ላይ ያጣብቀዋል፤ አሁንም አይሰማም። ገፊዎቹ ሂድ እንጂ እያሉ ጣሪያውን ይደበድባሉ፤ መኮንን መንገዱን በእጁ ያሳየዋል።

ሙሜ ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን ያጠፋል።