እህትሽን ይዘሽ ነይ

ለእንቁላል እጢ ካንሰሯ ገና በሙከራ ላይ ያለ መድኃኒት መውሰድ ከጀመረች አራት ወር ሆኗታል። ሐኪሟ ደውለው፣ «ነገ እህትሽን ይዘሽ ነይ» ሲሏት መድኃኒቱ እንዳልሠራ ገባት። ሰው ብቻውን ሳለ መርዶ አይነገረውም።

በማግስቱ ሐኪሙ ፊት ተቀመጠች። ታናሽ እህቷ ውባለም አጠገቧ ተቀምጣ በልቧ ትጸልያለች።

«እብጠቱ በግማሽ ቀንሷል» አሏት ሐኪሙ። «መድኃኒቱ እየሠራ ነው።»

ከስልኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰች። «ታዲያ እህቴን ለምን ይዘሽ ነይ አሉኝ?»

ሐኪሙ ወደ ውባለም ዞሩ። «የእህትሽ የደም ምርመራ በሽታው በዘር የመጣ መሆኑን አሳይቷል። አንቺም ዛሬውኑ መመርመር አለብሽ።»

የውባለም ፊት አመድ መሰለ። ታላቅ እህቷ እጇን ጨብጣ፣ «አይዞሽ፣ እኔ አለሁ» አለቻት።