የድንቡሼ አፍንጫ

«ሸሚዜ ደረሰ?»

ልብስ ሰፊዋ ድምፁን ስትሰማ ክው አለች...

ሰውዬው ለሦስተኛ ጊዜ መምጣቱ ነው። የሸሚዙ ሥራ ካለቀ ሰነበተ፤ የአንገቱ ቁልፍ ግን የለም! ትንሽዬ፣ ሰማያዊ፣ ገበያው ቢታሰስ አምሳያው የማይገኝ...

«ጠርገሽ የጣልሽው አንቺ ነሽ!» ብላ ሱቁን የሚጠርጉላትን እናቷን ካኮረፈች ሁለት ሳምንት ሆኗታል።

«ነገ ይደርሳል ጋሼ...»

«ነገሽ አያልቅም እንዴ?» አለ እየሳቀ።

እሷ ግን ለሳቅ ልብ አልነበራትም። የአራት ዓመት ልጇ ድንቡሼ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ንፍጧን ትስባለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ! ሽታው ደግሞ አይጣል ነው... ትምህርት ቤት አጠገቧ የሚቀመጥ ልጅ ጠፍቶ ትናንት እያለቀሰች ነው የመጣችው።

ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆኗል።

«ሳይነስ ነው!»

«እንፋሎት አጥኛት!»

«ከልጄ የተረፈ ሽሮፕ አለ፣ እሱን ስጫት!»

እናት ምን ታድርግ? ሽሮፑን ማንኪያ ሞልታ ወደ ልጇ አፍ ስታስጠጋ...

«ቆይ እስኪ እህቴ» አለ ሰውዬው። «ንፍጡ ከአንዱ አፍንጫዋ ነው ከሁለቱም?»

«ከቀኙ ብቻ... ምነው?»

«ሽሮፑን አስቀምጪና ተከተይኝ።»

መንገዱን ተሻግሮ ፊት ለፊት ያለው ክሊኒክ ገባ። ነጭ ጋውን ለበሰ...

ለካስ የአንገት በላይ ሐኪም ኖሯል! «ነገ፣ ነገ» እያለች ያመላለሰችው ሰው! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ባትሪ ወደ ድንቡሼ አፍንጫ አበራ... በቀጭን መሣሪያ ቀስ አድርጎ ሳበ...

ጠብ!

ሰማያዊ ቁልፍ።

ሐኪሙ ቁልፉን አየ። እናትየዋን አየ።

«ይቺን ነገር የማውቃት ይመስለኛል...»

ሳቁን ውጭ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ሰሙት።

«አንቺ ልጅ! ቁልፉ አፍንጫሽ ውስጥ ምን ይሠራል?» አለች እናት።

ድንቡሼ ከንፈሯን ጣለች። «አንቺ አይደለሽ 'ይሄ ከጠፋ ጉዴ ነው፣ ደህና ቦታ መቀመጥ አለበት' ያልሽው?»

«ታዲያ ያን ሁሉ ስፈልግ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አያቴን ነው እንጂ እኔን መች ጠየቅሽኝ!»

እናት ልጇን አዝላ በቀጥታ እናቷ ቤት ሄዳ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች።

«ቁልፉ ተገኘ ማለት ነው» አሉ አሮጊቷ፣ ሳቃቸውን አፍነው።

ሸሚዙ በማግስቱ ደረሰ። ቁልፉ ሦስት ጊዜ ታጥቧል!

ወዳጆቼ... የልጅ ንፍጥ ሁሉ ሳይነስ አይደለም። ከአንድ ወገን ብቻ የሚወርድና የሚሸት ከሆነ ሐኪም ይየው። የሌላ ልጅ ትራፊ ሽሮፕም ለልጃችሁ አይሆንም።

ሰውንም ቢሆን ከመወንጀል በፊት መጠየቅ ነው... ትንሿንም ጭምር።

እናንተስ? ሳትጠይቁ ያኮረፋችሁት ሰው የለም? ወይስ ልጃችሁ «ደህና ቦታ» ያስቀመጠባችሁ ዕቃ አለ? ኮሜንት ላይ አውጡት እስኪ 😄