የተቀደደው ቁጥር

የባለቤቴ የልብ መድኃኒት ከምሠራበት ፋርማሲ ጠፍቶ ሰነበተ። ዛሬ መጣ። ካርቶን ስደረድር ውዬ ወገቤ እየነዘረኝ ለእሷ አንድ ፓኬት በከረጢት አዘጋጀሁ። እንደ ደንባችን የመረከቢያ ቁጥር ያለበትን ወረቀት ለሁለት ቀድጄ ግማሹን ከረጢቱ ላይ ለጠፍኩ፣ ግማሹን ኪሴ ከተትኩ። ግማሹን ያልያዘ ሰው አይረከብም።

ሥራ ጨርሼ ልወጣ ስል ከረጢቱ የለም።

"አባባ፣ ቅድም እርስዎ ራስዎ ወሰዱት እኮ!" አለች ፋርማሲስቷ እየሳቀች። "ይኸው የሰጡኝ ቁራጭ።"

እጄን ኪሴ ሰደድኩ። የእኔም ቁራጭ አለ። ጎን ለጎን አደረግናቸው፤ ቁጥራቸውም አቀዳደዳቸውም አንድ ነው፤ ሁለቱም ያው ኪሴ የከተትኩት ግማሽ። ሳቋን ተወች።

ቤት ደወልኩ። ባለቤቴ አልጋ ከያዘች ቆይታለች፤ ድምፅዋ ግን ዛሬ ቀለል ብሏል።

"አንተ ሽማግሌ፣ ጃጀህ እንዴ?" አለችኝ። "አሁን መድኃኒቱን በእጅህ ሰጥተኸኝ፣ እግሬ ሥር ተቀምጠህ ትደውልልኛለህ?"