የሮሆቦት ቁመት

በየዓመቱ ለዳራሮ፣ ለዘመን መለወጫው በዓል፣ ቤተሰቡ ሁሉ ከዲላ ተነስተን ጨልባ ቱቱቲ እንሄዳለን። ሰው እዚያ ያሉትን ጥንታዊ ትክል ድንጋዮች ፎቶ ያነሳል። እኔ ደሞ ዘበኛው ዞር ሲልልኝ ትንሿ እህቴን ሮሆቦትን አንዱ ድንጋይ ላይ አስደግፋትና ቁመቷን በቀይ ጭቃ ምልክት አደርጋለሁ። እሷም የዋዛ አጭበርባሪ አልነበረችም፣ በእግሯ ጣት ቆማ ትረዝማለች። እማዬ ሁሌ፣ «ተረከዝሽን አውርጂ!» ትላታለች።

አምና ምልክቱ ድንጋዩ ላይ ከጥንት የተቀረጸ አንድ መስመር ጋ ደረሰ። ክረምት ሲመጣ ዝናቡ ጭቃውን አጠበው። በዚያው ክረምት ሮሆቦትን ወባ ወሰዳት።

ዘንድሮ እማዬ «ድንጋዩን ልየው» ብላ ስለለመነች ነው የሄድነው። ሌሊት ዘንቦ መሬቱ ርሷል። ከሚኒባስ ከወረድን ጀምሮ እጇን ይዤ ነው የወሰድኳት።

ስንደርስ ከመስመሩ ሦስት ጣት ከፍ ብሎ እርጥብ ጭቃ ተለቅልቋል። ገና ይንጠባጠባል።

«አንተ ባለጌ! በሷም ትቀልዳለህ?» አለ አባዬ።

«ኧረ በጌታ እኔ አይደለሁም! እጄን እየው!» አልኩት። በስንቱ ሳሾፍ ኖሬ አሁን ማን ይመነኝ?

እማዬ አልሰማችንም። መሬቱን ነው የምታየው። ድንጋዩ ሥር፣ ጭቃው ላይ፣ የሁለት ትንንሽ እግሮች ጣቶች ብቻ ታትመዋል። ተረከዝ የላቸውም።

እጄን ለቀቀችና እንደ ድሮው ቆጣ አለች።

«ሮሆቦት፣ ተረከዝሽን አውርጂ!»

እያየነው ከጣቶቹ ኋላ ጭቃው ቀስ ብሎ ሰረጎደ። ሁለት ተረከዝ።