ከሹፌሩ አጠገብ የተቀመጠችው ሴትዮ

"ሹፌር! ደግሞ ልትቆም ነው?!"

ሲቆም ይሄ አራተኛ ጊዜው ነበር...

ከባራኦና ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ዋና ከተማ ወደ ሳንቶ ዶሚንጎ እየሄድን ነው። ገና መንገድ ላይ ያለችው አሱዋ ከተማ እንኳ አልደረስንም።

ሹፌራችን ክሪሳንቶ ግን ሚኒባሱን ዳር አስይዞ ወረደና ሙዝ እርሻው ውስጥ ገባ።

ኡባልዶ የሚባል ተሳፋሪ፣ ለግጥሚያ የሚወስደውን አውራ ዶሮ እንደታቀፈ ከኋላ ጮኸ።

"ይሄ ሰውዬ መኪና ነው የሚነዳው ወይስ ሙዝ ነው የሚያጠጣው?"

መኪናው በሳቅ ተናወጠ።

እኔም ስቄያለሁ... አልደብቃችሁም።

ያልሳቀችው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ዶኛ ሚርታላ፣ በእኛ ወይዘሮ ሚርታላ እንደማለት። ስልሳዎቹን ያለፈች፣ ከሹፌሩ አጠገብ የተቀመጠች።

ክሪሳንቶ ተመለሰ። ሸሚዙ በላብ ርሷል። ፊቱ አመድ መስሏል። መሪውን ያዘ... ግን ሞተር አላስነሳም።

ዶኛ ሚርታላ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ዛሬ ጭራሽ አልወጣም፣ አይደል?"

"ምኑ?"

"ሽንትህ።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ምን አገባሽ?"

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

ከዛ ጥርሱን ነክሶ "ከጠዋት ጀምሮ። ልፈነዳ ነው" አላት።

ብድግ ብላ ወደ እኛ ዞረች።

"ይሄ ሰው ታሟል። ቀጥታ አሱዋ ሆስፒታል ነው የምንገባው። የቸኮለ ካለ ወርዶ ሌላ መኪና ይጠብቅ!"

ጫጫታው አይነገርም። "ቀጠሮ አለኝ!" የሚለው... "ማን ሾመሽ?" የሚለው...

ኡባልዶ ሊጮህባት ወደ ፊት መጣ። ግን ክሪሳንቶ መሪው ላይ ተደፍቶ እጅጌውን ነክሶ ሲያቃስት አየ።

ትከሻውን ያዝ አደረገው።

"ተነስ ወንድሜ። ሃያ ዓመት የሸንኮራ መኪና ነድቻለሁ" አለና ዶሮውን ለዶኛ ሚርታላ አስታቅፎ መሪውን ያዘ።

ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረኝ ራሱ ክሪሳንቶ ነው።

ሆስፒታል እንደደረሰ ቀጭን ቱቦ አስገቡለት። ከአንድ ሊትር በላይ ሽንት ወጣ።

"አለቀስኩ" አለኝ። "የስልሳ አንድ ዓመት ሰውዬ... እንደ ሕፃን።"

ከዛ የሽንት ቧንቧ ሐኪሟ መጣች። ዶክተር ዩደልካ። ሴት መሆኗን ሲያይ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ይለው ነበር።

"ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሳሉ?"

"አምስት።"

"ሲጀምር ይዘገያል? ይቆራረጣል? ከጨረሱ በኋላም ያልጨረሱ ይመስልዎታል?"

"ዶክተር... ቤቴ ነበርሽ እንዴ?"

"ታዲያ እስከዛሬ ለምን አልመጡም?"

ሰፈር ሱቅ በር ላይ ዶሚኖ የሚጫወቱ ጓደኞቹ "ያን ምርመራ ወንድ ሆኖ የገባ ወንድ ሆኖ አይወጣም" እያሉ ሲሳሳቁ ነበር የኖረው።

ዶክተሯ አልሸፋፈነችለትም። "በፊንጢጣ በኩል በጣቴ ነው የምመረምርዎት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።"

ክሪሳንቶ ቱቦው እንደተንጠለጠለ ተነስቶ ወደ በሩ!

በሩ ላይ ዶኛ ሚርታላ ቆማለች።

"ወዴት ነው?"

"ወደ መኪናዬ።"

"በየቀኑ ይሄ ሁሉ ሰው ነፍሱን ላንተ አምኖ ይሳፈራል። አንተ ለአንድ ደቂቃ ሰው ማመን አቃተህ? ተመለስ!"

ተመለሰ...

በጣት ተመረመረ። ሽንቱ ታየ። አልትራሳውንድ ተነሳ። ወንዶች ብቻ ያላቸው፣ ከሽንት ፊኛ በታች የሚገኘው የፕሮስቴት እጢ አድጎ መውጫውን አንቆታል።

መድኃኒት ጀመረ። በሳምንቱ ቱቦው ሲወጣ ግን እንደገና ተዘጋበት። ስለዚህ ሆዱ ሳይቀደድ፣ በሽንት ቧንቧው በኩል ገብተው የዘጋውን ቆርጠው አወጡለት። የወጣው ሥጋ ተመረመረ... ካንሰር የለም!

ከሆስፒታል ሊወጣ ሲል፣ ልትጠይቀው የመጣችው ዶኛ ሚርታላ አጠገቡ ቆማ ሳለ፣ ዶክተሯ ፈገግ አለች።

"ዶኛ ሚርታላ ያመጡልኝ ሰባተኛው ሹፌር ነዎት።"

ክሪሳንቶ ግራ ገባው። ወደ ዶኛ ሚርታላ ዞረ።

"ነርስ አይደለሽም እንዴ?"

"እኔ? መጋረጃ ሰፊ ነኝ።"

"ታዲያ እንዴት አወቅሽ?"



"ባሌ ፉልጄንሲዮ በዚሁ መንገድ ሃያ ስድስት ዓመት ነድቷል። በየመንገዱ ይቆም ነበር። ተሳፋሪው ይስቅበታል። ቤት ሲመጣ... እኔም እስቅበት ነበር። ወገቤን ሲል እንኳ 'ከወንበሩ ነው' አልኩት። ሐኪም ዘንድ ስንደርስ የፕሮስቴት ካንሰር ሆኖ አጥንቱ ውስጥ ገብቷል። አልደረስንለትም።"

"እና ያን ቀን ወዴት ነበር የምትሄጂው?"

"የትም። ማክሰኞ ማክሰኞ ሚኒባስ እሳፈራለሁ። ከሹፌሩ አጠገብ እቀመጣለሁ። ቶሎ ቶሎ የሚቆም ካገኘሁ... አልለቀውም።"

ክሪሳንቶ ከዳነ በኋላ መጀመሪያ የሄደው ዶሚኖ ተጫዋቾቹ ዘንድ ነው። ሳያፍር ሁሉንም ነገራቸው። ሁለቱ ሄደው ተመረመሩ። አንደኛው ዛሬም እምቢ ብሏል... ክሪሳንቶም ዛሬም ይጨቀጭቀዋል።

ወዳጆቼ... ቶሎ ቶሎ ሽንት መምጣት፣ መቆራረጥ፣ በሽንት ውስጥ ደም ማየት "እርጅና ነው" ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ሁሉም ካንሰር አይደለም። አብዛኛው ይታከማል። ካንሰር ቢሆን እንኳ በጊዜ ከተደረሰበት ብዙዎች ይድናሉ። በሐፍረት የተደበቀ በሽታ ግን በሽተኛውን ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡንም ነው የሚጎዳው።

የምንወደውን ሰው "ምን ሆነሃል?" ብሎ መጠየቅ፣ ሲቆጣን ደግሞ አለመተው... ፍቅር ማለት ይሄ ነው።

እስቲ በሐቅ መልሱልኝ... እናንተ ያን ቀን ሚኒባሱ ውስጥ ብትኖሩ ከሚስቁት ነበራችሁ ወይስ ከሚጠይቁት? አባታችሁንስ ስለ ጤናው በግልጽ የጠየቃችሁት መቼ ነው?

ኮመንት ላይ እጠብቃችኋለሁ 👇